ድሬ ሳቢያን ሰፈር ላለው መካኒካችን ምስጋና፣ የመኪናችሁ የፊት እግር ለሚንኳኳባችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች ደሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው፣ ሊረዝም ይችላል ታገሱኝ፣ መኪና ያላችሁ በተለይ የደንገጎን ዳገት የምትመላለሱ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ያለችኝ ቪትዝ ናት። እማዬ የልብና የግፊት ክትትሏ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው፣ ቀጠሮዋ በደረሰ ቁጥር ይዣት የምወጣው እኔ ነኝ። በሚኒባስ እንዳትሄድ ጉልበቷ አይችልም፣ ተጣቦ መቀመጡም ትንፋሿን ይይዛታል። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ድሬ 1200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደንገጎ አናት ላይ ስትደርሱ ከ2000 አልፋችኋል፣ ያን ሁሉ የምትወጡት ደሞ በዛ ጥምዝምዝ ነው፣ አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ይቀበላችኋል፣ በአንድ በኩል ገደል፣ ከፊት ደሞ የተጫነ አይሱዙ። እንግዲህ እዛ ላይ መሪ ባዞርኩ ቁጥር ከፊት ጎማ ጋ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀመረኝ፣ ጉድጓድ ስነካ ደሞ ኳ! ይላል። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም ትላለች፣ እኔ ደሞ እሷ እንዳትደነግጥ ብዬ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። እንደዛ ነበር የምንሄደው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ ቦታም አልጠቁምም፣ የማንንም እንጀራ ለመዝጋት አይደለም፣ ግን ያቃጠለኝን ሳልናገር ካለፍኩ ይሄን ሰው ለምን እንዲህ እንደማመሰግነው አይገባችሁም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሰውዬ መኪናዋን ሳይነዳት፣ ድምፁንም ሳይሰማ «ሴሚያስ ነው፣ ሁለቱም ይቀየራል» አለኝ። ሴሚያስ ማለት ከካምቢዮው ጉልበት ተቀብሎ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው፣ እኔ የማውቀው እስከዚች ድረስ ነው። እሺ አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ። ያገለገለ ሁለት አምጥቶ ገጠመ፣ ከፈልኩ፣ ትንሽ ጊዜ ዝም አለች፣ ከዛ ያው ቀጭ ቀጭ ተመለሰ። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ያደረችበት ሲሚንቶ ላይ ዘይት አገኛለሁ። ድሮ የማታውቀውን! ይዣት ሄጄ ሳሳየው «ከዚህ ስትወጪ ደህና ነበረች» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። በቃ ይሄው ነው መልሱ።

ሁለተኛው ቦታ ደሞ እኔ ፊታቸው ቆሜ እያወራሁ «ባለቤቱ የለም እንዴ፣ እሱን ላኪልን» ይሉኛል። ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ ነው፣ ብሩን የምከፍለውም እኔ ነኝ። ይሄን ስነግራቸው ተያይተው ሳቁ። ከዛ «ዘይት ስለምታፈስ ካምቢዮው ወርዶ መፈታት አለበት» አሉኝ፣ የጠሩት ብር የስንት ወር ደሞዜ እንደሆነ አልነግራችሁም። እንኳን እግዜር አወጣኝ፣ ቁልፌን ተቀብዬ ሄድኩ።

ሦስተኛው ጋ ኳኳታውን አሳየሁ። ሾኩ አልቋል ተባለ፣ ሁለቱም የፊት ሾክ በአዲስ ተቀየረ፣ በውድ ነው ታድያ፣ ለእቁብ ያስቀመጥኩትን ነው ያወጣሁት። ይዣት ስወጣ ገና የመጀመሪያው ኮብልስቶን ላይ ኳ! አለች። እቤት ስደርስ ደሞ ከኋላ ክሪኩ የለም። ያን ለት ግቢ ውስጥ መኪናዋ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። የብሩ ነገር ብቻ አይደለም፣ ሰው እምነት ጥሎባችሁ ሲመጣ፣ አታውቅም ብሎ እንደዛ መጫወት ምን የሚሉት ነው? የታመመች እናት እንደምትጓዝባት ነግሬያቸው ነበር እኮ። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።

ከዛ ቀፊራ ገበያ ጋ ጠባቧ መንገድ ላይ መኪናዬን ሳዞር፣ አንድ የሐረር መስመር የሚኒባስ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ በዚህ ድምፅ ደንገጎ እንዳትወጪ!» አለኝ። ወርዶ ራሱ ሰማው፣ ማን ጋ ነው የምታሰሪው አለኝ፣ ነገርኩት፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ስልክ ሰጠኝ። «እኛ የመስመሩ ልጆች እሱ ጋ ነን፣ ሂጂ፣ በኔ ይሁንብሽ» አለኝ። አቦ ያ ልጅም የትም ይሁን የት ይመቸው።

መካኒኩ ሳቢያን ነው፣ ትልቅ ታፔላ ምናምን የለውም፣ አንድ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ስር ነው የሚሰራው። እማዬን ብቻዋን ትቼ መውጣት ስላልቻልኩ ይዣት ሄድኩ፣ የሰኔ ፀሐይ ነው፣ የድሬን ሰኔ ለናንተ አላወራም። እዛ ግቢ ውስጥ ያለችው ጥላ የዛፏ ብቻ ናት፣ ስር ደሞ እሱ የሚሰራባት መኪና ቆማለች። ይሄ ሰው እማዬን ቀና ብሎ አያት፣ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ከልጁ ጋር ሆኖ መኪናዋን ገፍቶ ፀሐይ ላይ አወጣት። ከዛ ወንበር አምጥቶ በጨርቅ ጠረገና ጥላው ላይ አደረገው፣ «እናቴ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፣ ውሃ ላምጣ?» አላት። ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ አመጣላት። ቀኑን ሙሉ እሱ ፀሐይ ላይ ሰራ፣ እማዬ ጥላው ላይ ተቀመጠች። የሱ ደንበኛ እንኳን ገና አልሆንኩም እኮ፣ ዋጋም አልተነጋገርንም። ይሄን ሳስታውስ እስካሁን ሆዴ ይላወሳል። ላቡ እንዲህ በአገጩ ሲንጠባጠብ «ወደ ጥላው ግባ እንጂ ልጄ» ስትለው «እኔ ለምጄዋለሁ እናቴ፣ እርስዎ ይረፉ» ይላታል።

ሥራው ደሞ! ከሁሉ በፊት ንጂልኝ አለኝ። ባዶው ሜዳ ላይ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ በቀስታ ክብ እየሰራሁ፣ እሱ ከጎን ከጎን ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ጎማው አስጠግቶ ይራመዳል። በቀኝ አዞረኝ፣ በግራ አዞረኝ፣ «በቃ አቁሚ፣ የግራው ነው፣ የቀኙ ጤነኛ ነው፣ እሱን ማንም እንዳይነካብሽ» አለኝ። ያ ሁሉ ሰው ያልሰማትን መኪና እሱ ሰማት። በክሪክ አነሳት፣ በክሪኩ ብቻ አልታመነም፣ ከስር ሌላ ብረት ደገፈባት፣ ጎማውን ሲያወርድ ከውስጥ በኩል ብረቱ ሁሉ ጥቁር ግሪስ ተረጭቶበታል። ዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈች የጎማ ሽፋን አለች፣ እሷ ተተርትራለች፣ በፋሼታ መታሰር ሲገባት በተጠማዘዘ ሽቦ ነው የታሰረችው። በሽቦ! እኔ የሴሚያስ ብር ከፍዬ። በጣቱ ግሪሱን ጠረገና «እጅሽን አምጪ» ብሎ ጣቴ ላይ አደረገልኝ፣ «እስቲ ፈትጊው»። ስፈትገው ቆረቆረኝ። «አሸዋ ነው» አለኝ፣ «ይቺ ስትቀደድ ግሪሱ ይወጣል፣ አሸዋ ይገባል፣ ከዛ ብረት ብረቱን ይበላዋል፣ መሪ ስታዞሪ ቀጭ ቀጭ የሚልሽ እሱ ነው»። ያ ሁሉ ጊዜ የለፋሁበትን ነገር አንድ ሰው በቀላል አማርኛ ሲያስረዳኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዛ በኋላ ያለውን ብዙውን አልገባኝም፣ አልዋሽም። የገባኝን ልንገራችሁ፣ ሙሉ ሴሚያስ ግዢ አላለኝም፣ የተበላውን የጫፉን መታጠፊያ፣ ጆይንት የሚሉትን፣ እና ሽፋኗን ብቻ ቀየረ። ዘይቱ የሚያፈሰው ያኔ ሴሚያሱን ሲያወጡ ሲያስገቡ ዘይት እንዳይወጣ የምትይዘውን ትንሿን ጎማ፣ ኦይል ሲል የሚሏትን፣ ስለጎዷት ነው፣ እሷን ለወጠ፣ ማንጠባጠቡ ቆመ፣ ካምቢዮው ተፈቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይገጥመኝ እንደነበር አስቡት። ኳኳታውን በረጅም ብረት እየነቀነቀ ፈለገ፣ ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ ላይ ያሉት ቡሾች፣ ጎማ ጎማዎቹ፣ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። እና የፊት ሾኩ፣ ያ በውድ የተቀየረው፣ ኮፈኑን ሲከፍተው ላይ ያለው ዳዶ እንኳን በደንብ አልጠበቀም፣ በመፍቻ ሲይዘው ዞረ። «ሾኩ አዲስ ነው፣ ምንም አልሆነም» ብሎ አጠበቀልኝ፣ ለዚህ አንድ ብር አልጠየቀም። የጎማው መሃል ላይ ያለውን ትልቁን የሴሚያስ ዳዶ ደሞ አሮጌውን ላለመመለስ ልጁን አዲስ ሊገዛ ላከው፣ «ይሄ አንዴ ከተፈታ አይደገምም፣ ጎማውን የያዘው እሱ ነው፣ እናትሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አለኝ። የገዛበትን ደረሰኝ ከነመልሱ እጄ ላይ አደረገ። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎችም ጨርቅ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ አሳየኝ።

እዚህ ላይ ስለ አባዬ ትንሽ ላውራ፣ ይቅርታ። አባዬ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ድሬ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ የዛ ወርክሾፕ እንጀራ ያላሳደገው ቤት እኛ ሰፈር ከዚራ ውስጥ ጥቂት ነበር። ልጅ ሆኜ አባዬ እቤት ማሽን ሲፈታ ብሎኖቹን ከወጡበት በቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ይደረድራል፣ ማናችንም እንዳንነካ። እማዬ ያን ቀን ከወንበሯ ሆና መካኒኩ ብሎኖቹን ጨርቅ ላይ ሲደረድር ስታይ ቆየችና «አባትሽ እኮ እንደዚህ ነበር የሚያደርገው» አለችኝ። ከዛ እሱን ጠርታ መረቀችው፣ ልጅ ይውጣልህ፣ እጅህ አይድከም፣ ክፉ አይንካህ፣ ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ እሱ በግሪስ የጨቀዩ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ «አሚን፣ አሚን እናቴ» እያለ ሁሉንም ተቀበለ። እማዬ አባዬ ከሞተ ወዲህ ስለሱ እንደዛ ፈገግ ብላ ስታወራ አላየኋትም።

ሲጨርስ እሱ አልነዳም። «አንቺ ንጂ፣ ድምፁን የለመደው ያንቺ ጆሮ ነው» ብሎ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ወሰደኝ፣ ሜዳው ላይ መሪውን ጥግ ድረስ አዞርኩ፣ ዝም። ምንም የለም። በግራ፣ ዝም። ሂሳቡን ሲነግረኝ የዕቃውንና የእጁን ለየብቻ ጽፎ ነው፣ ከሌሎቹ የአንዱን ግማሽ እንኳን አይሆንም። ጨምሬ ልሰጠው ብል እምቢ አለ፣ ለልጁ ሻይ ብዬ በግድ ነው የተቀበለልኝ። አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ፣ እሱ ጋ ስለሌለ የት እንደማሰራ ነገረኝ፣ ያን ሳታሰሪ ጎማሽ በአንድ ጎን ያልቃል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከሐረር ስትመለሺ ደሞ ብቅ በይ፣ ብሎኖቹን ደግሜ ልያቸው አለኝ፣ ስሄድ አየልኝ፣ በነፃ።

አሁን ደንገጎን ሬዲዮ ዘግቼ ነው የምወጣው። እማዬ ሐረማያ እስክንደርስ ትተኛለች።

ስለዚ የድሬ ሰዎች እባካችሁ፣ እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ሐረር ያላችሁም ውረዱና አሳዩት፣ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ይገባዋል። መሪ ስታዞሩ ቀጭ ቀጭ ካላችሁ፣ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ግሪስ ተረጭቶ ካያችሁ አታቆዩት፣ ሽፋኗ ብቻ ተቀድዳ ጆይንቱ ሳይበላ ከደረሳችሁ በትንሽ ብር ነው የሚያልቀው ብሎኛል። ዕቃ ቀድማችሁ አትግዙ፣ መጀመሪያ እሱ ይየው። ሴቶች በተለይ እናንተ ሂዱ፣ ባልሽን ጥሪ የሚላችሁ የለም፣ ለእናንተው ነው የሚያስረዳችሁ። አርብ ለጁምዓ ስለሚዘጋ በጠዋት ድረሱ፣ ሌላ ቀንም ፀሐይ ሳይከር ብትሄዱ ለሱም ይሻለዋል። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳታወጪው ብሎኛል፣ ደንበኛ በሰው በሰው ሲመጣ ነው የሚወደው፣ የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሩንም አቅጣጫውንም ዛሬ ማታውኑ እልክላችኋለሁ።