ባለ አራት ቀለሙ የተጎጂዎች መለያ ካርድ፦ በልምምድ ስንፈትሸው

በድንገተኛ ክፍል በነርስነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ብዙ ሰው በአንዴ ለሚጎዳበት አደጋ የሚያገለግል የተጎጂዎች መለያ ካርድ ገዝተን ከስድስት ባልደረቦቼ ጋር በልምምድ ፈትሸነዋል።

ቀለሞቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ቀይ አፋጣኝ ሕክምና የሚሻ፣ ቢጫ ጥቂት መቆየት የሚችል፣ አረንጓዴ በእግሩ የሚሄድ፣ ጥቁር የሞተ ወይም የመትረፍ ተስፋ የሌለው። በጀርባው አጭር መመሪያ ታትሟል፦ ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 በላይ የሆነ ተጎጂ ቀይ ይሰጠዋል። ክሩን ጓንት አጥልቄም ያለ ችግር አስሬዋለሁ።

ያሳዘነኝ የመመዝገቢያው ጥበት ነው። የተሰጠው መድኃኒት፣ ሰዓቱ፣ ተጎጂው የተላከበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ በሁለት መስመር! ጽሑፉም ውኃ ሲነካው ይደበዝዛል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። በ2010 እ.ኤ.አ. ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ብዙ የሕክምና ቡድኖች ሥራቸውን በቅጡ ስላልመዘገቡ፣ የስንት ሰው እጅና እግር እንደተቆረጠ እንኳ ማጣራት ከባድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ለውጭ የሕክምና ቡድኖች ዝቅተኛ መስፈርት ያወጣው ከዚያ ተምሮ ነው። በ2019 ኢዳይ አውሎ ነፋስ ሞዛምቢክን ሲመታ ቡድኖቹ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቅጽ ሪፖርት ያደርጉ ነበር።

ለልምምድ ግዙት። ለእውነተኛ አደጋ ግን ተጨማሪ ወረቀት አያይዙበት፤ እኛ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ እርሳስም አስረናል።