ሁሉን ያካተተ የቤተሰብ ስኪ በአልፕስ፦ ቫልሞሬል፣ ፕራጀላቶ ወይስ ሰርፋውስ?

ከልጆች ጋር ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ስንሄድ ኪስ የሚያራቁቱት ጥቃቅን የሚመስሉት ወጪዎች ናቸው። ሽቅብ ወደ ተራራው የሚያወጣው የሊፍት ትኬት፣ አስተማሪው፣ ተራራ ላይ የሚበላው ምሳ፣ ልጆቹ ብርድ ሲመታቸው የሚጠይቁት ትኩስ ቸኮላት። ባንዴ ከፍሎ መገላገል የሚያጓጓው ለዚህ ነው። ዋጋው ውስጥ የሚገባው ነገር ግን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።

የማወዳድራቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ ከፈረንሳይ ቫልሞሬል፣ ከጣሊያን ፕራጀላቶ፣ ከኦስትሪያ ሰርፋውስ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስንት ኪሎ ሜትር መንሸራተቻ እንዳለ ነው። እኔ ግን ከትንሹ ልጅ ዕድሜ ጀምሩ እላለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ 400 ኪሎ ሜትር ምን ያደርግለታል?

ቫልሞሬልና ፕራጀላቶ ላይ የማነጻጽረው ሁሉን ያካተተ ዕረፍት የሚሸጠውን የክለብ ሜድ ኩባንያ ማረፊያዎች ነው። መኝታ፣ ሙሉ ምግብ፣ መጠጥ፣ የሊፍት ትኬትና የቡድን የስኪ ትምህርት ዋጋው ውስጥ አሉ። ልጁ 4 ዓመት ከሞላው የስኪ ትምህርቱም የልጆች ክበቡም ተካትቶለታል። ስኪው፣ ጫማውና ሄልሜቱ ግን በኪራይ ነው፤ ኪራዩ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ለአራት ሰው ሲደመር ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚደረግ ጥበቃም ተጨማሪ ያስከፍላል። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ክፍሉ በተያዘበት ቀን አብሮ መያዝ አለበት። ይህን ችላ ያለ ወላጅ ሳምንቱን በፈረቃ ልጅ ሲጠብቅ ይከርማል።

ቫልሞሬል በ2011 ነው የተከፈተው። ከ4 ወር ጀምሮ ሕፃን ይቀበላሉ። ከሆቴሉ ደጅ ስኪ አጥልቆ መውጣት ይቻላል። ይህ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው፤ የልጅ ስኪና ዱላ ተሸክሞ አውቶቡስ መጠበቅ የለም። መንሸራተቻው 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጀማሪና ለመካከለኛ የሚመች ብዙ ረጋ ያለ ቁልቁለት አለው። መንደሩ 1400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ግን መጋቢት መጨረሻ ላይ ታች ያለው በረዶ ሊሳሳ ይችላል። በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ፣ ወይም ስኪ የለመዱ ጎረምሶች ካሏችሁ፣ ከፍ ብሎ የሚገኘውን ሌላውን የክለብ ሜድ የፈረንሳይ ማረፊያ፣ ሌዛርክ ፓኖራማን እዩ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንሸራተቻ ካለው ከፓራዲስኪ የስኪ ሜዳ ጋር ይገናኛል።

ፕራጀላቶ ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀንሳል። ከቶሪኖ አውሮፕላን ማረፊያም ሩቅ አይደለም። ማረፊያው እዚህም እዚያም የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ውብ ናቸው፣ ግን ማታ ከእራት መልስ ያንቀላፋ ልጅ ታቅፎ በብርድ መሄድ አለ። ወደ ሰፊው የቪያላቴያ የስኪ ሜዳ የሚወጣው በገመድ መኪና ነው። ገና ለሚማር ልጅ ያ በየጠዋቱ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሆናል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ግን ሜዳው ጠግበው የማይጨርሱት ነው። ጣሊያን ውስጥ ከ2022 ጀምሮ ስኪ የሚሄድ ሰው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኢንሹራንስ መያዝ ግዴታው እንደሆነም አትርሱ። ሌላም ልጨምር፦ ሮቤል ተክለማርያም በ2006ቱ የቶሪኖ ክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው እዚሁ ፕራጀላቶ ነው። በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እዚያ ከሄዳችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ደስ የሚል ኩራት ነው።

ሰርፋውስ አሠራሩ ይለያል። የቤተሰብ ሆቴሎቹ ምግብና የልጅ ጥበቃ ያካትታሉ፤ ጥበቃውም በብዙዎቹ ከሕፃንነት ይጀምራል። የሊፍት ትኬቱና የስኪ ትምህርቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ነው። ስለዚህ የሆቴሉን ዋጋ ከክለብ ሜድ ዋጋ ጎን አስቀምጦ ማወዳደር ያሳስታል፤ የሊፍቱንና የትምህርቱን ወጪ በሆቴሉ ዋጋ ላይ ደምራችሁ አወዳድሩ። ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀው ቦታ ግን ከሦስቱ ይበልጥብኛል። ለብቻው የታጠረ ሰፊ መማሪያ ሜዳ አለ፣ ልጆቹን መልሶ ሽቅብ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍም አለ። መንደሩ ውስጥ መኪና እንደልብ አይነዳም። በምትኩ ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ ትንሽዬ የምድር ውስጥ ባቡር አለ፣ በነፃ ነው፣ ልጆች ይወዱታል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልበል። የየካቲት የትምህርት ቤት ዕረፍት አንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል። ለሚጾም ቡፌ ከተወሰነ የእራት ሜኑ ይሻላል፤ አትክልቱን፣ ሩዙን፣ ምስሩን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። የአሳማ ሥጋ ለማይበላም እንደዚያው ነው። ቢሆንም ቀድሞ ለሆቴሉ መጻፍ ጥሩ ነው።

ታዲያ የቱ? ልጃችሁ ከ4 ዓመት በታች ከሆነ ሰርፋውስ፤ ወጪው ባንዴ ተቆርጦ እንዲያልቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቫልሞሬል። ከ4 እስከ 10 ላሉ ልጆች ያለ ማመንታት ቫልሞሬልን እመርጣለሁ። ልጆቹ ተለቅ ካሉና በጀቱ ጠበብ ካለ ፕራጀላቶ። ልጆቻችሁ ገና ትምህርት ቤት ካልገቡ የየካቲትን ሰሞን ተዉት፣ የገና ሳምንታችን ይሻላል። ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን አክብረው ወደየቤታቸው ስለሚመለሱ ዋጋው ይወርዳል፣ የሊፍቱም ሰልፍ ያጥራል።