እማዬን በእግሯ ላቆመልን ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ከሆስፒታል የወጣ አባት ወይም እናት ቤታችሁ ካለ ደግሞ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደምትፈልጉ ሳልነግራችሁ አልሄድም።

እማዬ 76 ዓመቷ ነው። የፋሲካ ለት የተጎዘጎዘው ቄጠማ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፣ የተሰበረው የአጥንት ጫፍ በብረት ተቀየረላት፣ ከዚያ ወደ ቤት ውሰዷት ተባልን። ቤቷ አያት ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። የሰፈር ልጆች በወንበር ተሸክመው አወጡልን። የተሰጠን ወረቀት «እንቅስቃሴ ታድርግ» ይላል። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ፣ በቀን ስንቴ፣ ማን ያሳያታል? እሱ ላይ ዝም ነው።

ጠያቂው ሁሉ ደግሞ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ትተኛ፣ አጥንት የሚጠግነው በእረፍት ነው» ትላለች፣ ሌላው «ወጌሻ ላምጣላችሁ» ይላል። መጀመሪያ የቀጠርነው ባለሙያ ጭኗ ላይ የኤሌክትሪክ ማሽን ይለጥፍና ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እማዬ ወዳው ነበር፣ ምክንያቱም ምንም አያስለፋትም። ጭኗ ግን በየቀኑ እየሰለለ ሄደ።

የማመሰግነው ልጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ፊዚዮቴራፒስት ነው። የመጀመሪያ ቀን እግሯን ከመንካቱ በፊት የሆስፒታሉን ወረቀት አነበበ፣ የመድኃኒት ከረጢቷን አስዘረገፈን። ግፊቷን ተኝታ ለካ፣ አስነስቶ ደግሞ ለካ። ስትቆም በጣም ይወርዳል! የምትወስደው የግፊት ክኒን ስትነሳ እያዞራት ነበር፣ እኛ ድካም ነው ብለን ነበር የምናልፈው። ለሐኪሟ ንገሩ አለን፣ ነገርን፣ መጠኑ ተስተካከለ። ለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግነው አይበዛበትም።

ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረ። ምንጣፉ ተነሳ። በርጩማዋ ታገደች፣ ምክንያቱም እንደ እሷ ዓይነት ኦፕራሲዮን ላደረገ ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ አደጋ አለው። ቡና አፍልታ ለኖረች ሴት ይሄ ቀላል ፍርድ እንዳይመስላችሁ። ሶፋው ላይ ስፖንጅ ተጨመረ፣ ነጠላ ጫማው ከኋላ በሚይዝ ጫማ ተተካ፣ ሽንት ቤት ውስጥ በብየዳ መያዣ ብረት ተሠራ፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ ራስጌዋ ተቀመጠ። የተዋስነውን ዎከር፣ ማለትም በሁለት እጅ ይዛ የምትራመድበትን መደገፊያ፣ ቁመቱን ሳይቀር ቀየረው። እጇን ዘና አድርጋ ስትቆም መያዣው የእጇ አንጓ ጋ መድረስ አለበት አለ፣ የእኛ ብብቷ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሥራው ሲጀመር ደግሞ ጉድ ነው። እኛ ክንዷን ጎትተን ነበር የምናስነሳት። እሱ ከለከለን። በደከመው ጎኗ በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ቁሙ፣ አትጎትቱ አለ። ለእሷ ደግሞ «እማማ፣ እኔ አላነሳዎትም፣ እርስዎ ነዎት የሚነሱት፣ እኔ አጠገብዎ ነኝ።» እማዬ «ልጄ፣ አንተ ደግሞ ልትገድለኝ ነው የመጣኸው?» አለችው። ተነሳች ግን።

ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ የወጥ ቤቱን ሲንክ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ ወደ ጎን መራመድ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት አስሮ ጉልበት መዘርጋት። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ሩዝ በጨርቅ ተሰፍቶ ነው፣ ምንም ዕቃ አላስገዛንም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ኦታጎ የሚባል ፕሮግራም ለአረጋውያን እንደተዘጋጀ የነገረኝ እሱ ነው። የእግር ጡንቻና ሚዛን በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል፣ በዚያ ላይ የእግር ጉዞ አለው። እሱን ለእማዬና ለቤታችን አመቻችቶ ነው የሠራው። መሬት ላይ ፕላስተር ለጥፎ በሰዓት ይለካታል፦ ከወንበር ተነስታ 3 ሜትር ሄዳ፣ ዞራ፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው። እማዬ አሁን ልኬቱን እንደ ፈተና ውጤት ነው የምትጠብቀው።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን «ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» ብሎ መጠየቁ ነው። «ቆሜ ማስቀደስ» አለችው። ከዚያ በኋላ ልምምዱ በሙሉ ወደዚያ አመራ። አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ፣ ተረከዝና ጣት አገናኝቶ ለ10 ሰከንድ መቆም፣ መጀመሪያ በሁለት እጅ ይዞ፣ ኋላ በአንድ ጣት። መቋሚያዋን ለቅዳሴ ፈቀደላት፣ ለመንገድ ግን ከዘራ፣ ያውም ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ። ስግደቱን የንስሐ አባቷ አነሱላት። በጾም ደግሞ ከበላች በኋላ እንጂ ባዶ ሆዷን አያሠራትም፣ ሽሮና ምስር አብዙላት ይላል።

ደረጃውን እንዲህ አስጀመራት፦ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ቡና ጠሩን፣ ከፍ ያለ ወንበርም አዘጋጁላት። ስትወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ስትወርድ የታመመው። የሕንፃው ሕፃናት በቃላቸው ይዘውታል፣ ስትሳሳት እነሱ ናቸው የሚጮኹባት። ዛሬ መደገፊያውንና ከዘራዋን ይዛ እስከ ታች ትወርዳለች፣ አንድ ሰው አጠገቧ እየሄደ። ሩጫ አትጠብቁ፣ ሲመሽ አሁንም ይደክማታል።

እንከን የለውም አልልም። ታክሲ እያሳበበ ያረፍዳል፣ የቤት ሥራ ካልተሠራ ደግሞ ፊቱ አይፈታም። ግን እየተሻላት ሲሄድ ራሱ ነው «ከእንግዲህ በየሳምንቱ መምጣት የለብኝም» ያለን። ገቢውን የሚቀንስ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እሱን ባታገኙትም ሌላ ስትቀጥሩ የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ። ወረቀቱን ሳያነብ እግር የሚያጣምም ከሆነ፣ ወይም ሥራው ማሽንና ማሸት ብቻ ከሆነ በጊዜ ሸኙት። እሱ ያስጠነቀቀንንም ልንገራችሁ፦ ባቷ አብጦ ከቀላና ካመማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ስፖርቱን ትታችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ እንዳላደርገው ለምኖኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሚሠራው አያት፣ ሲኤምሲና ሰሚት አካባቢ ነው፣ ዋጋውን ከራሱ ጠይቁ። ከመደወላችሁ በፊት የሆስፒታሉን ወረቀትና ራጁን አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።