ኦክቴን ቡስተር ለቪትዝና ለኮሮላ፦ ደሴ ላይ ያዋጣል?

በደሴም በኮምቦልቻም የመለዋወጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ፣ ቤንዚን ላይ የሚጨመረው ኦክቴን ቡስተር የሚባል ትንሽ ጠርሙስ አይጠፋም። "ቤንዚኑን ፕሪሚየም ያደርገዋል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይሰጣል፣ ነዳጅ ይቆጥባል" እየተባለ ይሸጣል። ማደያዎቻችን ቤንዚንን ሬጉላርና ፕሪሚየም ብለው ለይተው ስለማይሸጡ፣ ፕሪሚየም ያማረው ሰው እጁን የሚሰደው ወደዚህ ጠርሙስ ነው። ፍርዳችንን ከመነሻው እንናገር፦ ለሬጉላር ተብላ ለተሠራች መኪና፣ ያውም ለደሴ መኪና፣ አይገዛም። ይህን የምንለው አንድን ስም ለይተን አይደለም፤ ስለ ዓይነቱ ነው።

ኦክቴንን የጉልበት መለኪያ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ነው። ቁጥሩ ግን የሚለካው የቤንዚኑን ቻይነት ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅና ሲግል፣ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ እንዳይፈነዳ ምን ያህል ይችላል የሚለውን። በሊትር የሚይዘው ጉልበት 91ም ሆነ 95 ቢሆን ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም። ቻይነቱ የሚያስፈልገው ሞተሩ ያን ያህል የሚያስጨንቀው ከሆነ ነው።

ቪትዝ አታስጨንቀውም። የ1,000 ሲሲዋ የመጭመቂያ ሬሾ (የሳበችውን አየር ስንት እጥፍ እንደምታምቀው) እንደ ሞተሯና እንደ ዘመኗ ከ10 እስከ 11.5 ሲሆን፣ የታሰበላት የጃፓን ሬጉላር ነው። የጃፓን ደረጃ ለሬጉላር ቢያንስ 89፣ "ሃይኦክ" ለሚሉት ፕሪሚየም ደግሞ ቢያንስ 96 ኦክቴን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ለሬጉላር የተሠሩ ባለ 8፣ ባለ 6 እና ባለ 4 ሲሊንደር መኪኖችን በፕሪሚየም ፈትኖ፣ በጉልበትም በነዳጅ ፍጆታም በጭስም የሚቆጠር ጥቅም አላገኘም።

አሁን ወደ እኛ አገር ዳገት እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ሲታመቅም የሚደርስበት ግፊት ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ያለጊዜው የመፈንዳት ዕድሉም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታ ላይ ያለ መኪና የሚፈልገው ኦክቴን ያንሳል እንጂ አይጨምርም። የአሜሪካ ሮኪ ተራሮች አካባቢ ያሉ ማደያዎች፣ ሌላው ዘንድ ሬጉላሩ 87 ሲሆን፣ 85 ሲሸጡ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው (የእነሱ ቁጥር በሌላ ስሌት የሚወጣ በመሆኑ ከጃፓኑ ዝቅ ብሎ ይታያል)። የሐረጎን ዳገት ስትወጣ የምታለከልክ ቪትዝ የጎደላት አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ታች ጥሎት መጥቷል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ጠርሙስ አይመልሰውም።

"ታዲያ የኔ ለምን ታንኳኳለች?" የሚል አይጠፋም። በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው ድምፅ፣ ፔዳሉን ሲረግጡ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ የሚመጣው፣ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሲቆይ ፒስተን ይበሳል። ቡስተር ድምፁን ለአንድ ታንከር ሊያጠፋው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን እዚያው ይቀመጣል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚገዛው ቤንዚን ነው። ላምባ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳል። ከእሳት ርቃችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት አንጠብጥቡ፤ ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ቅባታማ ምልክት ትቶ ይቀራል። ውሃ መኖሩን ለማየት ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውሃው ከሥር ይለያል።

ሁለተኛው በአሮጌ ኮሮላዎች ላይ የሚታየው የዲስትሪቢዩተር፣ ማለትም እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ነገር ነው። መኪናዋ ደሴ ላይ ፈጠን እንድትል ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ወደ ፊት ይገፋላታል። እዚያ ስስ አየር ውስጥ ምንም አትልም። ከሚሴ ወይም ባቲ ወርዳ፣ ሙቀቱ ከወፍራሙ አየር ጋር ሲገናኝ፣ ሰው ሞልታ ታንኳኳለች። በ4ኤ-ኤፍኢ እና በ5ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች ላይ ትክክለኛው 10 ዲግሪ ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ሞቆ፣ በሚኒሞ እየሠራ፣ የምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው፣ በታይሚንግ መብራት ነው። ሽቦው ሳይገናኝ ከተለካ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያንቀሳቅሰው ቁጥሩ ያሳስታል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም የተለመደ ጥፋት ነው። ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይውላል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ፒስተኑ ራስ ላይ ካርቦን ይጋገራል። የተጋገረው ካርቦን የሲሊንደሩን ቦታ ያጠባል፣ ግሎም እንደ ፍም ያቀጣጥላል። ካንዴላውን ስትቀይሩ ቁጥሩ የመኪናዋ መጽሐፍ የሚለው ይሁን፤ የሙቀት ደረጃው የተሳሳተ ካንዴላም ያንኳኳል። የማርሹ ነገር ደግሞ ምንም አያስከፍልም፤ ሐረጎ ላይ በ4ኛ እየጎተቱ ፔዳል ከመርገጥ ወደ 3ኛ ወይም 2ኛ መልሶ ሞተሩ ሳይጨነቅ ፈጥኖ እንዲዞር ማድረግ ነው።

አዳዲሶቹ መኪኖች ኖክ ሴንሰር አላቸው። ማንኳኳቱን ሰምቶ ታይሚንጉን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ድምፅ ሳይሰማ ጉልበት ብቻ ይቀንሳል። ሻጮች "ልዩነቱን አይተነዋል" ሲሉ ትንሽ እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቤንዚኑ የተበከለ ከነበረ ቡስተሩ መኪናዋን ወደ ራሷ ልክ ይመልሳታል። ከልኳ በላይ ግን አያስኬዳትም። መኪናዋ በኮምፒውተር ስትመረመር ፒ0325 የሚል የብልሽት ኮድ ከወጣ የሚታየው ሴንሰሩና ሽቦው ነው፤ ቤንዚን አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም አስተውሉ። "30 ፖይንት ይጨምራል" ማለት 30 ኦክቴን ማለት አይደለም፤ አንድ ፖይንት 0.1 ስለሆነ ጭማሪው 3 ብቻ ነው፤ እሱም ልኩ ከተጠበቀ። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው የማንጋኒዝ ውሕድ፣ ኤምኤምቲ፣ ወይም የብረት ውሕዱ ፌሮሲን ነው። ሁለቱም ሲቃጠሉ ካንዴላው ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ቡናማ ሽፋን ይተዋሉ። ሽፋኑ ሲወፍር እሳቱ በጎን ያመልጣል፣ ሞተሩ ይቆራረጣል፤ ኦክሲጅን ሴንሰሩና ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስትም ይጎዳሉ። በየታንከሩ የሚጨምር ሰው ካንዴላውን ነቅሎ ቀለሙን ይመልከት።

የሚጠቅማቸው መኪኖች የሉም አንልም። ቱርቦ ያላቸውና የነዳጅ ክዳናቸው ላይ 95 ወይም ፕሪሚየም የሚል የተጻፈባቸው፣ በተለይ ጭነው ወደ ሚሌ ቆላ ሲወርዱ፣ ልዩነቱ ይሰማቸዋል። ለእነሱ ስትገዙ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ አትውሰዱ፤ ኤምኤምቲ በብርሃን ይበላሻል። መጀመሪያ ቡስተሩን ጨምራችሁ ቤንዚኑን ከላይ ሙሉበት፤ እንዲያ ሲሆን በደንብ ይቀላቀላል። ጠርሙሱ ለ60 ሊትር የተባለ ከሆነና ታንከራችሁ 45 ከሆነ ሦስት ሩቡ ይበቃል። ኤምኤምቲ በቆዳ የሚገባ መርዝ ነው፤ ጓንት አድርጉ፣ የተጨመረበትን ቤንዚንም በጎማ በአፍ አትሳቡ።