«የበላኸውን ጽፈህ አምጣ» ላሉኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ላይ ስወጣ 64 ኪሎ አነበብኩ። ከአሥር ወር በፊት 54 ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ሴንቲ ነው። በዚህ ቁመት 54 ኪሎ መመዘን ምን እንደሚመስል፣ እንደኔ ከሲታ ሆኖ ያደገ ሰው ይገባዋል። ለዚህ ያበቁኝ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናቸው። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ኪሎ መጨመር አቅቶት የተቸገረ ሰው ካለ ደግሞ ጥቆማ ይሁነው።

ስማቸውን አልጠቅስም። ልጽፍ ነው ብዬ ሳስፈቅዳቸው «የተማርከውን ጻፍላቸው፤ ስሜ ይቅር» አሉኝ። የሚፈልግ ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነኝ። አባቴም በኔ ዕድሜ እንደዚሁ ነበር። ያየኝ ሁሉ «የምትበላው የት ነው የሚገባው?» ይለኛል። ወፍራም ሰውን ፊት ለፊት «ወፍረሃል» ለማለት ብዙዎች ይጠነቀቃሉ። ቀጭን ሰውን «ከሳህ፣ አሞሃል እንዴ?» ለማለት ግን ማንም ወደኋላ አይልም። ከመልካም ልብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በየቀኑ ሲደጋገም ግን ያማል። በሙቀት ቀን ረጅም እጅጌ የምለብሰው ክንዴን ለመደበቅ ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። አንድ ሳምንት እስኪያመኝ እበላለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምግብ ማየት ያስጠላኛል። ጣፋጭና ለስላሳ አበዛሁ፤ ያተረፍኩት የሆድ መነፋት ብቻ ነው። የሚያወፍር ዱቄት ገዛሁ። በመጨረሻ አንድ የማውቀው ሰው «ይህን ዋጥ፣ በወር ውስጥ ትሞላለህ» ብሎ ክኒን ሰጠኝ። እውነትም ፊቴ ሞላ። ደስ አለኝ። ክንዴና እግሬ ግን እንደነበሩ ነበሩ፤ ሌሊትም እንቅልፍ አጣሁ። ባለሙያዋ ጋ የሄድኩት በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያወጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ሰጥተውኝ ይጠይቁኝ ጀመር። ሁልጊዜ ቀጭን ነበርክ ወይስ በቅርቡ ነው የከሳኸው? ሙቀት ሳይበዛ ያልብሃል? ልብህ ያለምክንያት ይመታል? ውሃ ይጠማሃል፣ ሽንት ይመላለስብሃል? ሆድህስ? ሳል አለብህ? ምግብ ስታስብ ትፈራለህ ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ገርሞኝ ነበር። ምግብን በመፍራት የሚከሳ ሰው እንዳለና እሱ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት እርዳታ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቀጥለው «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» አሉኝ። ክኒኑን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ ፊታቸው ተለወጠ። ዴክሳሜታሶን ነበር። ለከባድ ሕመሞች በሐኪም የሚታዘዝ ስቴሮይድ ነው። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ውሃ በሰውነት ውስጥ ይይዛል፣ ፊትን ያሳብጣል። በዚያ ላይ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ጡንቻን ይበላል፣ አጥንትን ያሳሳል። የሞላው ፊቴ ጤና አልነበረም። ወዲያው ልጥለው ስል «ቆይ ልጄ፣ ድንገት ማቆምም ያስፈራል» አሉኝ። ለብዙ ሳምንት ሲወሰድ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን መሥራት ያቆማል። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ላኩኝ፤ ሐኪሙም ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስቆመኝ። ለዚህ ብቻ እንኳን ዕድሜ ልኬን ባመሰግናቸው አይበዛም። እባካችሁ፣ ምንነቱን የማታውቁትን «የሚያወፍር ክኒን» አትዋጡ።

ሐኪሙ የታይሮይድ ዕጢዬን፣ የደም ስኳሬን፣ ሰገራዬን አስመረመረ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚጎዳኝ መሆን አለመሆኑም ታየ። ሁሉም ደህና ሆነ። ባለሙያዋ ወደ ምግብ ወሬ የገቡት ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ድንገት ክብደት የቀነሰ ሰው መጀመሪያ ምርመራ እንጂ የምግብ ፕሮግራም እንደማይሰጠው አስረዱኝ።

ከዚያ ያቺ ሥራ መጣች። «አራት ቀን የበላኸውንና የጠጣኸውን ሁሉ ጽፈህ አምጣ። አንዱ የእረፍት ቀን ይሁን። ለኔ ብለህ አታሳምረው» አሉኝ።

ጽፌ አመጣሁ። አንድ በአንድ ደመሩት። አንዱ ቀን 2,900 ካሎሪ አካባቢ ነው። በማግስቱ 1,800። ትዝ የሚለኝ ሁልጊዜ ያ ትልቁ ምሳ ነበር። ቁርሴ ሻይ ብቻ እንደሆነ፣ ከትልቅ ምሳ በኋላ እራት እንደምዘል አላስተዋልኩም። በአማካይ 2,250 ገደማ ነው የምበላው። ሰውነቴ የሚያቃጥለውም በግምት ያንኑ ያህል ነው። ታዲያ ኪሎው ከየት ይምጣ? ዓመታት ሙሉ «ብዙ እየበላሁ አልወፍርም» ስል የኖርኩት በአንድ ወረቀት ላይ ተገለጠ። አላሳፈሩኝም። «አልዋሸህም፤ ሰው የሚያስታውሰው የጠገበበትን ቀን ነው» አሉኝ።

«ሰውነቴ ቶሎ ያቃጥላል» የሚለውን ግን ውሸት ነው አላሉም። ሳወራ እግሬን እንደማንቀጠቅጥ፣ ስልክ ሲደወል ተነስቼ እንደምንጎራደድ አይተው ነበር። አንድ ጥናት ነገሩኝ። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ነው። 16 ሰዎች ለ8 ሳምንት በየቀኑ ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ካሎሪ በሉ። አንዱ ግማሽ ኪሎ ስብ እንኳ አልጨመረም፤ ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ዋናው ልዩነት ስፖርት አልነበረም። ትንሽ የጨመሩት ሰዎች ብዙ ሲበሉ ሳያውቁት ብዙ ይንቀሳቀሱ ነበር። መቁነጥነጥ፣ መቆም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት። ይህን ስሰማ ምን ያህል እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሰነፍ አልነበርኩም፣ በሽተኛም አልነበርኩም። ሰውነቴ እንደዚያ ነው የተሠራው፤ ያንን አስልቶ መብላት ይቻላል።

ዘመዶቼ «ጠብቅ፣ ሠላሳ ሲሞላህ ራሱ ትወፍራለህ» ይሉኝ ነበር። እሱንም ጠየቅኳቸው። በ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎች የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ። የሰውነት መጠን ከተስተካከለ በኋላ፣ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ዕድሜን መጠበቅ ዕቅድ አይሆንም አሉኝ።

ስሌታቸው ቀላል ነበር። ኪሎህን በሜትር ቁመትህ ሁለት ጊዜ አካፍል። የኔ 17 መጣ። ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ዝቅተኛ ነው። በኔ ቁመት ያቺን መስመር ለማለፍ ወደ 59 ኪሎ ያስፈልጋል። በየቀኑ 400 ካሎሪ ያህል እንድጨምር፣ በሳምንት ሩብ ኪሎ ካገኘሁ እንዲበቃኝ አደረጉ። «ከዚህ ከፈጠነ አብዛኛው ስብ ይሆናል» አሉኝ።

400 ካሎሪ ስሰማ ሳህኔን እጥፍ ላደርግ ነበር። እሳቸው ሳህኑን አልነኩትም። ምግቡ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምር አሉኝ፤ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ሆድ ውስጥ ግን ቦታ አይዝም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ነው። ኦቾሎኒ፣ አቮካዶ፣ እንቁላል፣ ያልተቀነሰ ወተት እንዲህ ነው የገቡት። ጠዋት ማኘክ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቁርሴን እንድጠጣው አደረጉ። ወተት፣ ሙዝ፣ አጃ፣ ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ አንድ ላይ ይፈጫል። የሚጠጣ ምግብ እንደሚታኘክ አያጠግብም፤ ለሌላው ሰው ችግር የሆነው ለኔ ጠቀመኝ። ውሃና ሻይ ደግሞ ከምግብ በፊት ቀርቶ ከምግብ በኋላ ሆነ። ረሃብ ሲመጣ ልብላ ማለት ተከለከልኩ። በሰዓት ነው የምበላው፣ ስልኬ ይጮሃል።

ጂም በሳምንት ሦስት ቀን። ክብደት ማንሳት ነው፤ ቁጭ ብድግ፣ መግፋት፣ መሳብ። በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር፣ ለሠራው ጡንቻ እረፍት መስጠት። ፕሮቲን በቀን 90 ግራም ገደማ፣ በአንዴ ሳይሆን በየምግቡ ተከፋፍሎ። ባቄላ፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ እርጎ፣ ያገኘሁትን። ዱቄቱን ገዝተህ ቀጥል አላሉኝም። ምንም ነገር ሊሸጡልኝ አልሞከሩም። ይህን የምለው አስቤበት ነው፤ ቀደም ሲል ያማከርኩት ሁሉ መጨረሻው ላይ የሚሸጥልኝ ነገር ነበረው።

ሦስተኛው ወር ላይ 57 ኪሎ ደርሼ ቆምኩ። ሦስት ሳምንት ንቅንቅ የለም። ተስፋ ቆርጬ ደወልኩላቸው። «ደብተሩን መልሰህ ጻፍና አምጣ» አሉኝ። ሲያዩት የማታው ወተት ቀርቷል፣ እኔ አላወቅኩም። በዚያ ላይ የጨመረ ሰውነት ራሱ የበለጠ ይፈልጋል። 150 ካሎሪ ጨመርን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚዛኑ ተነሳ። በየቀኑ ቁጥር እያየሁ መጨነቄንም አስተዉኝ። ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ሳልበላ እመዘንና የሳምንቱን አማካይ ብቻ እናያለን። በውሃ ብቻ አንድ ኪሎ ከፍና ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። ወገቤንና ክንዴንም በሜትር ይለኩ ነበር፤ ጭማሪው የት እንደሄደ ለማወቅ።

ወደሳቸው ለምትሄዱ አንዳንድ ነገር ልናገር። ቀጠሮ ለማግኘት ትጠብቃላችሁ። ጥብቅ ናቸው፤ ያልጻፈ ሰው ይመልሳሉ። በወር ውስጥ መሙላት ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም። ለረጅም ጊዜ በጣም ትንሽ ሲበላ የቆየ ሰው ደግሞ እቤቱ ሆኖ በአንዴ ብዙ መብላት እንዳይጀምር አደራ ይላሉ። በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ድንገት ይወርዱና ልብን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያ ሰው በሐኪም ክትትል ነው መጀመር ያለበት።

ይህን ካነበቡልኝ ለእርስዎ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው ቀን «ብላ እንጂ» ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሁሉም ሰው ያለኝ እሱን ነው። እርስዎ ምን እንደምበላ ጠየቁኝ፣ ስመልስም ሰሙኝ። ያቺን ደብተር አልጣልኳትም። ባለፈው ሳምንት አጭር እጅጌ ሸሚዝ ገዛሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሱን ለብሼ፣ ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።