«ተኝተው ነበር?»፦ በእንቅልፍ ክሊኒክ ያሳለፍኩት አንድ ሌሊትና አንድ ቀን

ሥራዬ ረቂቅ ማረም ነው። ወደዚህ ምርመራ የገፋኝም አንድ ገጽ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዝ ልጨምር ያሳረፍኩት ቀይ ብዕር ከዚያው ተነስቶ፣ አንቀጾቹን አቋርጦ እስከ ግርጌ ወርዷል። ጊዜው ረፋድ ነበር፤ ሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። ደራሲው ገጹ ሲመለስለት «ይህን ሁሉ ልሰርዝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ክሊኒኩ መጀመሪያ የሰጠኝ ስምንት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ነው። ኤፕወርዝ ይባላል፤ መሬይ ጆንስ (Murray Johns) የተባሉ ሐኪም በ1991 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ውስጥ ያወጡት መለኪያ ነው። ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ከሰው ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ የማንቀላፋት ዕድልዎ ምን ያህል ነው ይላል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል። ድምሩ ከ24 ከ10 በላይ ከሆነ የቀን እንቅልፉ ከልክ አልፏል ማለት ነው። እኔ 19 አገኘሁ። ከፍተኛ ነጥብ አምጥቼ ያፈርኩበት ብቸኛ ፈተና ነው።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ እንድይዝ ታዘዝኩ፤ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ሰዓት መሰል መሣሪያም እጄ ላይ ታሰረ። አሰልቺ ነው፤ ክሊኒኩን ማመን የጀመርኩት ግን እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍ የጎደለው ጤነኛ ሰው በምርመራው ቀን ልክ እንደ ሕመምተኛ ያንቀላፋል፤ ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ይህ ማስታወሻ ነው። የምወስደውን መድኃኒትም አንድ በአንድ ጠይቀውኛል፤ ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ሬም የተባለውን፣ ሕልም የሚበዛበትን የእንቅልፍ ደረጃ ስለሚያፍኑ ውጤቱን ያዛባሉ።

ሌሊቱ የሽቦ ሌሊት ነው። ራሴ ላይ፣ ከዓይኖቼ ጎን፣ አገጬ፣ ደረቴና እግሮቼ ላይ ኤሌክትሮድ ተለጠፈ፤ ደረቴና ሆዴ በቀበቶ ታሰሩ፤ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ አፍንጫዬ ሥር ትንፋሽ የሚለካ ቀጭን ቱቦ ተደረገ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ባለሙያዋ ከጎን ካለው ክፍል በድምፅ ማጉያ «ዓይንዎን ወደ ቀኝ፤ አሁን ወደ ግራ፤ ጥርስዎን ነክሰው ይያዙ፤ አሁን ደግሞ እባክዎ ያንኮራፉ» አለችኝ። እንዳንኮራፋ በትሕትና ስለመን የመጀመሪያዬ ነው። ሙጫው ከፀጉሬ የለቀቀው በሦስተኛው እጥበት ነበር።

ዋናው ምርመራ ግን የማግስቱ ነው። በየሁለት ሰዓቱ፣ አምስት ጊዜ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኚ ይባላል፤ እንቅልፍ እንዲመጣ በየጊዜው 20 ደቂቃ ይጠበቃል። የሚለካው እንቅልፍ በስንት ደቂቃ እንደጣለኝና ሬም መታየት አለመታየቱ ነው። መተኛቱ ቀላል ነው፤ ጭንቁ በመሃሉ ነቅቶ መቆየቱ ነው። ወንበር ላይ እንዳለሁ ዓይኔ ሲከደን ባለሙያዋ ሁለት ጊዜ አስነስታ በኮሪደሩ አመላልሳኛለች። ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ «ተኝተው ነበር?» ስትለኝ «ኧረ አልተኛሁም፤ ውጭ ጋሪ ሲገፋ እየሰማሁ ነበር» ብዬ ተከራከርኩ። ፈገግ ብላ ጻፈች። ሰነዱ ላይ እንቅልፍ የወሰደኝ በአራተኛው ደቂቃ ነው። (ጋሪው ግን እውነት ነው፤ ለእንቅልፍ የተሠራ ክፍል ግድግዳው ይህን ያህል መሳሳት አልነበረበትም።)

የአምስቱ አማካይ 6 ደቂቃ ሆነ፤ 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው። ሌሊት ትንፋሼ በሰዓት ከ5 ጊዜ ያነሰ ስለተስተጓጎለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም ተባለ። በሁለት ሙከራ ሬም ቢታይ ኖሮ ወደ ናርኮሌፕሲ፣ ቀን ላይ እንቅልፍ ድንገት ወደሚጥልበት ሕመም፣ ያመራ ነበር፤ በአንዱም አልታየም። የተሰጠኝ ስም ኢዲዮፓቲክ ሃይፐርሶምኒያ ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የእንቅልፍ ብዛት ማለት ነው። ናርኮሌፕሲ ያለበትን ሰው አጭር ሸለብታ ብዙውን ጊዜ ያነቃዋል፤ እኔን ያደነዝዘኛል። ጠዋት ሦስት ደወል አጥፍቼ ማጥፋቴን የማላስታውሰው ነገርም ስም አለው ለካ፦ የእንቅልፍ ስካር። እናቴ ግን ሌላ ስም ሰጥታው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ከአምስት አምስት እሰጣቸዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት ይበቃዋል። ውጤቱን ለመስማት አምስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ ሰባት ደቂቃ አናገረኝና ሞዳፊኒል የተባለ፣ ንቁ አድርጎ የሚያቆይ ክኒን ጻፈልኝ። ክኒኑ የሆርሞን እርግዝና መከላከያን እንደሚያዳክም፣ ካቆምኩት በኋላም ለአንድ ወር ሌላ መከላከያ እንደሚያስፈልግ አልነገረኝም። የነገረችኝ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ናት፤ ሳጥኑን ከመስጠቷ በፊት ጠየቀችኝ። መኪና እነዳ እንደሆነም ክሊኒኩ ውስጥ ያነሳ ሰው የለም። ወንበር ላይ ዓይኗ የሚከደን ሴት በራሷ መኪና ትሂድ አትሂድ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ክኒኑ ይረዳኛል፤ ከሰዓት በኋላ አርማለሁ፣ ብዕሬም መስመሩን አይለቅም። ጠዋት መነሳቱ ግን እንደነበረው ነው፤ ደወሉን ከአልጋው ርቆ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ የሌሊት ልብስ ያዙ፤ በአንገት የሚጠለቅ ከሆነ ከሽቦው ጋር ስትታገሉ ታመሻላችሁ። ስትወጡ ደግሞ የአምስቱን ሙከራ ደቂቃ በየተራ የሚያሳየውን ገጽ ቅጂ ጠይቁ። እኔ የተሰጠኝ ማጠቃለያው ብቻ ነበር፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያንን ገጽ ነው፤ ለእሱ እንደገና ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።