የፍሎረንስ ቆዳ ቦርሳ፦ ከመንፈቅ አገልግሎት በኋላ

ፍሎረንስ ያሠራሁትን የትከሻ ቦርሳ ከመንፈቅ በላይ ሥራ ይዤው ስወጣ ስገባ ቆይቻለሁ። ቆዳውና ስፌቱ የወጣባቸውን ገንዘብ ይመልሳሉ፤ ክብደቱ ግን ትከሻ ይፈትናል።

የሠራው ባለሙያ ከአርኖ ወንዝ ማዶ፣ ኦልትራርኖ በሚባለው የእጅ ባለሙያዎች ሰፈር፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ልግዛ ብለው እንቢ አለኝ። የማንገቻውን ርዝመት በቁመቴ ለካና «በሳምንቱ ና» ብሎ ሸኘኝ። ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዤ ስለመጣሁ ነገሩ አልጣመኝም ነበር፤ ዛሬ ማንገቻው ሳይንሸራተት ሲቀመጥልኝ ግን ያ ሳምንት አይቆጨኝም።

ቆዳው በፍሎረንስና በፒሳ መካከል ካለችው ከሳንታ ክሮቼ ሱላርኖ አካባቢ የመጣ ነው። አብዛኛው የዓለም ቆዳ በክሮም ጨው በአጭር ጊዜ ይለፋል። እዚያ ያሉት ፋብሪካዎች የሚታወቁት ግን ታኒን በሚባለው፣ ከእጽዋት በሚወጣ ማልፊያ በማልፋት ነው፤ ከቼስትነትና ከኬብራቾ እንጨት ወይም ከሚሞሳ ቅርፊት የሚወጣው ታኒን ወደ ቆዳው ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሥራው እስከ 40 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ አይታይም። ስረከበው ቦርሳው ፈዘዝ ያለ የማር መልክ ነበረው፤ አሁን ክዳኑ ላይ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ክዳኑን ስገልጥ ግን ከሥሩ የድሮው መልክ ሳይነካ ተቀምጧል። ቀላል ጭረት በአውራ ጣት ሲታሽ ይጠፋል። ጥልቀት ያለው አይጠፋም፤ እኔም ማስጠፋቱን ትቼዋለሁ።

ስፌቱ በጣም ደስ ያሰኘኛል። ማንገቻው ከቦርሳው ጎን የሚጋጠምበት ቦታ በእጅ የተሰፋ ነው፦ ቀዳዳው በወስፌ ይበሳል፣ ከዚያ ሰም የተቀባ አንድ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በዚያው ቀዳዳ ይተላለፋል። አንደኛው ወገን ቢበጠስ ሌላኛው ይዞ ይቆያል። ሌላው ስፌት የመኪና ነው፤ ባለሙያው ራሱ ሳልጠይቀው ነገረኝ፣ እኔም በዚህ አከበርኩት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ዝናብ ጠላቱ ነው፤ የኅዳር ዝናብ ጥሎበት የሄደው ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አለቀቀም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለሙ ነጭ ሸሚዜ ላይ ወጥቶ ነበር፣ በኋላ ተወ። ኮምፒውተርና አንድ መጽሐፍ ሲገቡበት ከባድ ሸክም ነው። የውስጥ ኪሱ ደግሞ አንድ ብቻ፣ እሱም ጠባብ፤ ቁልፍ በፈለግሁ ቁጥር ታቹን መበርበር አለብኝ። የናስ ዘለበቱ ወይቧል፣ በጨርቅ ሲወለወል ግን ይመለሳል።

ወደ 300 ዩሮ ከፍያለሁ። እዚያው ፍሎረንስ ባለው በሳን ሎሬንዞ ገበያ የቆዳ ቦርሳ በግማሹና ከዚያም በታች ይገኛል፤ «የጣሊያን ሥራ» የሚለው ማኅተም ብቻውን ግን ቆዳው የት እንደለፋ አይነግርም። ያልተቀባ ጠርዝ ፈልጎ ማየት ይጠቅማል፦ በእጽዋት የለፋ ቆዳ መሐሉ ቡናማ ነው፣ በክሮም የለፋው ብዙውን ጊዜ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ያሳያል። ሥራውን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ፍሎረንስ ከተማ ባለው በሳንታ ክሮቼ ገዳም ውስጥ (ከቆዳዋ ከተማ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው) ስኮላ ዴል ኩዮ አለ፤ ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወላጅ አልባ ልጆችን ሙያ ለማስተማር ከሁለት የቆዳ ሠሪ ቤተሰቦች ጋር ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። ባለሙያዎቹ ጎብኚ እያያቸው ይሠራሉ።

ክሬም የምቀባው ቆዳው ደረቅ ሲመስለኝ ብቻ ነው፣ እሱም በጣም ጥቂት። የምታሠሩ ካላችሁ ሁለተኛ የውስጥ ኪስ ከመነሻው እዘዙ፤ ቦርሳው ከተሰፋ በኋላ ልጨምር ብል ሽፋኑ ሁሉ መፈታት እንዳለበት ተነግሮኛል።